34 ይከታተላል፣ 17 ብቻ ይጠቀማል፤ የቀሩት የት ገቡ?

ቀያሽ_በመስክ · #1
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ የአርቲኬ ዕቃ (በሳተላይት እስከ ሴንቲ ሜትር የሚለካ) ከገዛሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ አንድ ቤዝ (ተተክሎ የሚቆመው)፣ አንድ ሮቨር (ይዤው የምዞረው)። ሥራው ደህና ነው፣ ፊክስም (የሴንቲ ሜትር ልኬት) ይሰጠኛል። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

የሮቨሩ ስክሪን ላይ ሁለት የሳተላይት ቁጥር አለ። "የሚከታተላቸው" 34፣ "የሚጠቀማቸው" 17። የቆምኩት ሜዳ ላይ ነው። ዛፍ የለ፣ ሕንፃ የለ፣ ሰማዩ ወለል ያለ። ታዲያ ግማሹ የት ገባ? ሻጩን ስጠይቀው "ኖርማል ነው" ብሎ ዘጋኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "ቻናል አልበቃው ብሎ ነው" ይላል። ማስታወቂያው ግን በመቶ የሚቆጠር ቻናል አለው ነው የሚለው።

ዕቃው ጤነኛ ነው ወይስ ተሸወድኩ?

የሞገድ_ልጅ · #2
አልተሸወድክም። ቢያንስ በዚህ አይደለም። የባልደረባህን ነገር ግን እርሳው። ቻናል የሚያስፈልገው ሲግናሉን ለመያዝ ነው። ቻናል ቢያልቅበት ኖሮ የሚያንሰው 34 የሚለው ቁጥር ነበር።

መከታተልና መጠቀም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ተከታተለ ማለት የዚያን ሳተላይት ኮድ ከጫጫታው መሀል ለይቶ ያዘው፣ አብሮትም እየሄደ ነው ማለት ነው። ለመጠቀም ግን ይህ አይበቃም። ርቀቱን ቢያውቅም ሳተላይቱ ራሱ የት እንደቆመ ካላወቀ ርቀቱ ምን ያደርግለታል? ያንን የሚነግረው ሳተላይቱ ነው፣ ኢፌመሪስ በሚባለው መልእክት።

የጂፒኤስ የድሮው የሲቪል ሲግናል ይህን መልእክት የሚልከው በሴኮንድ 50 ቢት ነው። ኤሊ ነው በሉት። ምሕዋሩና የሰዓት ማስተካከያው ብቻ 18 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በየ30 ሴኮንዱም ይደገማል። መሀል ላይ ትንሽ ከተቆረጠብህ የጎደለውን ለማግኘት ቀጣዩን ዙር ትጠብቃለህ። ስለዚህ ከአድማስ ገና ብቅ ያለ ሳተላይት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተይዞም ሥራ ፈት ነው። ስልክ ይህ የማይታይበት ኢፌመሪሱን በኢንተርኔት ስለሚያወርድ ነው።

ሌላው ጤና ነው። ሳተላይቱ በዚያው መልእክት ውስጥ "አሁን አትጠቀሙብኝ" ሊል ይችላል። መልእክቱ ሊያረጅም ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 የአውሮፓው የጋሊልዮ አገልግሎት ለአንድ ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ሳተላይቶቹ ሲግናል መላካቸውን አላቆሙም ነበር። ሪሲቨር (ተቀባዩ ዕቃ) ይይዛቸው ነበር። የምሕዋርና የሰዓት መረጃው ግን ስላልታደሰ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም።

ይህ ሁሉ አንድ ሁለቱን ያስቀራል እንጂ 17ቱን አያስቀርም። ዝርዝሩን አውጣልን። ከየሥርዓቱ ስንት ተያዘ፣ ስንት ገባ? የከፍታ ማስኩስ (ከዚህ ማዕዘን በታች ያለውን ሳተላይት አትጠቀም የሚለው) ስንት ላይ ነው?

ዝም_ብዬ_አንባቢ · #3
የኔ ስልክ የባሰ ነው። 40 ምናምን ያሳያል፣ የሚጠቀመው ግን ሁልጊዜ 12። አንድም ቀን 13 ሆኖ አያውቅም። ሃሃ

ኮድ_ጻፊ · #4
@ዝም_ብዬ_አንባቢ "ሁልጊዜ 12" ስትል ነቃሁ። የኔ ጥርጣሬ ስሌቱ ላይ ሳይሆን ወሬ አቀባዩ ላይ ነው።

ሪሲቨሮች ውጤታቸውን የሚያወሩበት ኤንኤምኢኤ የሚባል አሮጌ የጽሑፍ ቋንቋ አለ። "የተጠቀምኩባቸው እነዚህ ናቸው" የሚለው መስመር ለሳተላይት ቁጥር ያለው ቦታ 12 ብቻ ነው። ሲወጣ 12 ቀርቶ 8 መያዝ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ቺፑ 25 ቢጠቀምም በዚያ መስመር የሚያልፉት 12 ናቸው። አዳዲሶቹ ለየሥርዓቱ አንድ አንድ መስመር በመላክ ያልፉታል፤ አንዳንዱ ቺፕና አንዳንዱ አፕ ግን ከአሮጌው ጋር ላለመጣላት 12 ላይ ይቆርጣል። ከስልኩ ሥርዓት በቀጥታ የሚያነብ አፕ ጫንና እየው።

40 ምናምኑንም ቶሎ አትመን። ስልክህ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚይዝ ከሆነ አንዱ ሳተላይት በኤል1 አንዴ፣ በኤል5 አንዴ ተቆጥሮ ይሆናል። የጂፒኤስ ኤል5 ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሲግናሉ ለብዙ ዓመታት ሲላክ የኖረው "ገና ነኝ፣ ጤነኛ አትበሉኝ" የሚል ምልክት ተለጥፎበት ነው። ሕግ አክባሪ ሪሲቨር ይይዘዋል፣ ግን አያሰላበትም።

አሮጌ_ቴዎዶላይት · #5
ልጆች፣ እኛ ስንጀምር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። አራት ወይም አምስት ቻናል ያለው ዕቃ ይዘን ከሚታዩት ውስጥ የትኞቹን አራት እንያዝ እያልን ነበር የምንጨነቀው። ሪሲቨሩ የሚመርጠው ቅርፃቸው የተዘረጋውን ነው። አንድ ከአናት፣ ሦስት በየአቅጣጫው። በሳተላይቶቹ መሀል ያለው ቅርፅ ሲሰፋ ስህተቱ ይጠባል። ዛሬ ዲኦፒ እያላችሁ የምታዩት ቁጥር ያ ነው።

ሳተላይቱ ትንሽ ስለነበረ ሰማዩን ቀድመን እናሰላ ነበር። "ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ተኩል ጥሩ ነው" ብለን ለዚያች ሰዓት ስንል ፀሐይ ላይ መቀመጥ ነው። አሁን 17 አነሰኝ የሚል ሰው አየሁ። ይገርማል።

ሰማይ_በሙሉ · #6
በአክብሮት ጋሼ፣ ግን ዘመኑ ተቀይሯል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ማስኩን ዜሮ ላይ አደርጋለሁ። የታየ ሁሉ ይግባ! ለምን ገንዘቤን ከፍዬ የያዘውን ይጥልብኛል? ብዙ መለኪያ ካለ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ይህ ተራ ስታቲስቲክስ ነው።

የሞገድ_ልጅ · #7
@ሰማይ_በሙሉ ስታቲስቲክሱ የሚሠራው ስህተቶቹ ተቀራራቢና በዘፈቀደ የሚበተኑ ሲሆኑ ነው። የዝቅተኛ ሳተላይት ስህተት እንደዚያ አይደለም፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው።

አየሩን ብቻ ውሰድ። ሳተላይቱ አናትህ ላይ ሲሆን የታችኛው አየር ሲግናሉን በ2.4 ሜትር ገደማ ያዘገየዋል። 5 ዲግሪ ላይ ሲወርድ ያው ሲግናል አየሩን በአግድም ሰንጥቆ ስለሚመጣ መዘግየቱ አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። አብዛኛውን በቀመር ይቀንሱታል፣ እውነት ነው። ግን ቀመሩ አምስት በመቶ ቢሳሳት አናት ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እዚያ ታች ከአንድ ሜትር በላይ። ከላይ ያለው አዮኖስፌር ደግሞ በዝቅተኛ ማዕዘን እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። በዚያ ላይ ከመሬት፣ ከቆርቆሮ፣ ከመኪና ተንፀባርቆ የሚመጣው አለ። ተንፀባርቆ የመጣ ሲግናል መንገዱ ረዝሟል። ሪሲቨሩ ግን ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል።

ሰማይ_በሙሉ · #8
እሺ፣ ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። ዝቅተኞቹን ሁሉ ካወጣሻቸው ከፍታው ይበላሻል። ሳተላይቶቹ ሁሉም ከላይ ናቸው፣ ከመሬት በታች የሚታይ የለም። አናት ላይ ብቻ ከተከማቹ "ከፍ ብያለሁ" እና "ሰዓቴ ተሳስቷል" የሚሉት ሁለቱ ነገሮች ይመሳሰሉበታል። የሚለያዩለት ጎን ላይ ባሉት ነው። ማስኩን 25 አድርገሽ ሞክሪውና ከፍታሽ ሲዋዥቅ ታያለሽ።

የሞገድ_ልጅ · #9
እዚህ ላይ ትክክል ነህ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። 25 ብሎ ነገር የለም። ሰው 10 ወይም 15 ላይ የሚያቆመው ለዚሁ ነው፤ በመጥፎ ሲግናልና በመጥፎ ቅርፅ መሀል የተደረገ ድርድር ነው።

ግን ዜሮም አያስፈልግም፤ ምክንያቱም "ተጠቅሟል" የሚለው ራሱ "አዎ" ወይም "የለም" ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሪሲቨሩ ለየሳተላይቱ ክብደት ይሰጣል። ሲግናሉ የጠራና ከፍ ያለውን በደንብ ይሰማዋል፣ ዝቅ ያለውን በግማሽ ጆሮ። አንተ ማስኩን ዜሮ ስታደርግ ያስገባሃቸው አብዛኞቹ ከተቆጠሩ በኋላ ክብደታቸው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ስክሪንህ ላይ ያለው ቁጥር አደገ፣ ነጥብህ ግን እዚያው ነው። ሶፍትዌሩ ክብደት መስጠት የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ባሰብህ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ · #10
ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። አራት ሳተላይት ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ 17 ወይም 34 ምን ያከራክራል?

ኮድ_ጻፊ · #11
አራቱ ቦታህን ይሰጡሃል። ውሸት መሆኑን ግን አይነግሩህም።

ያልታወቁት አራት ናቸው። ሦስቱ የቦታ፣ አራተኛው የሪሲቨሩ ሰዓት። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ይዘዋል፣ ያንተ ዕቃ ደግሞ ርካሽ ክሪስታል። የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት 300 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ስህተቱን አብሮ ያሰላዋል። አራት ቀመር፣ አራት ያልታወቀ፤ ሁልጊዜ ልክክ ብሎ ይገጥማል። አንዱ ሳተላይት ቢዋሽ እንኳ ይገጥማል፣ የተሳሳተ ቦታ ላይ። አምስተኛው ሲመጣ "እዚህ ውስጥ አንድ ውሸታም አለ" ማለት ይቻላል። ማን እንደሆነ ለይቶ ለማስወጣት ስድስተኛው ያስፈልጋል።

ይህ ለወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 መጀመሪያ ላይ የሩሲያው የግሎናስ ሳተላይቶች የተሳሳተ የምሕዋር መረጃ ተጭኖባቸው ለአሥር ሰዓት ገደማ ያንን ሲያሰራጩ ነበር። ሲግናሉ ጥርት ያለ፣ መልእክቱ ውሸት። ከጂፒኤስ ጋር አስተያይቶ ያወጣቸው ሪሲቨር ተረፈ። ዝም ብሎ ያመናቸው ተጎዳ። በዚያች ሰዓት "የያዝከውን ለምን ጣልክ" የሚለው ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥርዓት ስትደባልቅ ሒሳቡ ይለወጣል። የጂፒኤስ ሰዓትና የጋሊልዮ ሰዓት አንድ አይደሉም። አዲስ ሥርዓት በገባ ቁጥር አምስተኛ፣ ስድስተኛ ያልታወቀ ይመጣል። ከጋሊልዮ የያዝከው አንድ ብቻ ከሆነ ያመጣው መረጃ ያንኑ አዲስ ዕዳ ከፍሎ ያልቃል፤ ለቦታህ የሚተርፍ ነገር የለውም። ጋሊልዮ ከጂፒኤስ ያለውን የሰዓት ልዩነት በመልእክቱ ይናገራል፣ ሪሲቨሩ ያንን ካነበበ ይሻላል። ካላነበበ አንዱን ሳተላይት ይዞት ይቀመጣል።

ቀያሽ_በመስክ · #12
ለካ ጉድ ጀምሬያለሁ። ዛሬ ወጥቼ በደንብ አየሁት። ማስኩ 10 ዲግሪ ነው። ዝርዝሩ ይኸው፦

ጂፒኤስ፦ 11 ተይዟል፣ 10 ገብቷል
ግሎናስ፦ 8 ተይዟል፣ 7 ገብቷል
ጋሊልዮ፦ 7 ተይዟል፣ 0 ገብቷል
ቤይዱ (የቻይናው)፦ 8 ተይዟል፣ 0 ገብቷል

ያልገባው ጂፒኤስ 6 ዲግሪ ላይ ነው፣ እሱ ገባኝ። ያልገባው ግሎናስ ግን 38 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሲግናሉም ጠንካራ ነው። የጋሊልዮና የቤይዱ ሲግናልም አሪፍ ነው። ሳተላይቶቹ ይሄን ያህል ታመው ነው?

ኮድ_ጻፊ · #13
ሁለቱ ዜሮዎች! ይህማ ሳተላይት አይደለም፣ ቤዙ ነው። ሙሉ ሥርዓት በአንዴ ዜሮ ከሆነ ሰማይ አትይ፤ ቤዝህ ምን ምን መልእክት እንደሚልክ እይ። አራት አኃዝ ያላቸው ቁጥሮች ናቸው።

ቀያሽ_በመስክ · #14
1004፣ 1005፣ 1012። እነዚህ ብቻ ናቸው።

የሞገድ_ልጅ · #15
ተገኘ። 1004 የጂፒኤስ ነው፣ 1012 የግሎናስ፣ 1005 የቤዙ ኮኦርዲኔት። ለጋሊልዮና ለቤይዱ የሚላክ የለም።

አርቲኬ እንዴት ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንደሚገባ አስታውስ። ሮቨሩ ብቻውን አያሰላም። ቤዙና ሮቨሩ ያንኑ ሳተላይት በዚያችው ቅጽበት ይለኩታል፣ ሁለቱ ልኬቶች ይቀናነሳሉ። ሁለቱ ቅርብ ስለሆኑ የሳተላይቱ ሰዓት ስህተት፣ የምሕዋሩ ስህተት፣ የአየሩ መዘግየት፣ አብዛኛው ይሰረዛል። እንግዲህ ለመቀነስ ሁለት ልኬት ያስፈልጋል። ሮቨሩ አይቶት ቤዙ ያልላከው ሳተላይት ከምን ላይ ይቀነስ? ያለ አጋር ቀርቷል፣ ስለዚህ ይከታተለዋል እንጂ አይጠቀምበትም። የጋራ የሆነ ብቻ ነው የሚሠራው።

የቤዙን አሠራር ወደ ኤምኤስኤም (አዲሱ የመልእክት ዓይነት) ቀይረው። 1074፣ 1084፣ 1094፣ 1124 በቅደም ተከተል ለጂፒኤስ፣ ለግሎናስ፣ ለጋሊልዮና ለቤይዱ ናቸው። በ7 የሚያልቁትም አሉ፣ 1077 እያለ የሚሄደው። እነሱ ዝርዝራቸው ይበዛል፣ ግን ይከብዳሉ። በሬዲዮ የምትልክ ከሆነ በ4 የሚያልቁት ይበቁሃል። 1005ን እንዳታጠፋው፣ እሱ ከሌለ ሮቨሩ ቤዙ የት እንዳለ አያውቅም። አሮጌዎቹን 1004ንና 1012ን ግን አጥፋ፣ ያንኑ ነገር ሁለቴ መላክ ነው።

በነገራችን ላይ ቤዝና ሮቨር ከተለያየ ፋብሪካ የሆነባችሁ ሰዎች ግሎናስ ላይ ተጠንቀቁ። የግሎናስ ሳተላይቶች በድሮው ሲግናላቸው ትንሽ ትንሽ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚናገሩት። በየዕቃው ውስጥ ያለው መዘግየትም በየፍሪኩዌንሲው ይለያያል። ሁለቱ ዕቃ አንድ ዓይነት ከሆነ ሲቀናነስ ይጠፋል፣ ካልሆነ ይቀራል። አንዳንድ ሪሲቨር "አልጣላም" ብሎ ግሎናስን ጭራሽ የሚተወው ለዚህ ነው።

አሮጌ_ቴዎዶላይት · #16
እህ፣ ሻጩ ቤዙን በፋብሪካው ማስተካከያ እንዳለ ነዋ ያስረከበው። "ኖርማል ነው" ማለቱ ይሄ ከሆነ ኖርማልነቱስ እውነት ነው።

ቀያሽ_በመስክ · #17
የሞገድ_ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ኮድ_ጻፊም አንተም። ቀየርኩት። አሁን 35 ተይዟል፣ 32 ገብቷል።

ለሌላ ሰው እንዲጠቅም ያየሁትን ልጻፍ። ሜዳው ላይ ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ያንኑ ነጥብ በ17ም በ32ም ለካሁት፣ ልዩነቱ በሚሊ ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ፣ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ነጥቡም የሚሻሻል መስሎኝ ነበር። ለውጡን ያየሁት ዛፎቹ ሥር ስገባ ነው። ድሮ እዚያ ፍሎት (ገና ያልጠራ ልኬት) ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው አሁን ፊክስ ሰጠኝ። ዛፉ ግማሹን ሲሸፍንበት የሚተርፈው በዛ ማለት ነው።

ያ ግሎናስ ግን አሁንም አልገባኝም። ዛሬም አንድ ጠንካራ ሳተላይት ውጭ ነው፣ የዛሬው ደግሞ ጋሊልዮ ነው። 35 ዲግሪ ላይ።

የሞገድ_ልጅ · #18
አቅጣጫው ስንት ነው? የሁለቱንም ንገረኝ።

ቀያሽ_በመስክ · #19
የትናንቱ 255፣ የዛሬው 262። ሁለቱም ምዕራብ ናቸው። ኧረ ቆይ! አሁን ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው። ጋሊልዮው ወደ 290 ሲደርስ ራሱ ገባ፣ 33 ሆነ። አሁን ደግሞ አንድ ጂፒኤስ ወደዚያው አቅጣጫ ሲሄድ ወጣ።

የሞገድ_ልጅ · #20
ሮቨሩ ሜዳ ላይ ነው ብለሃል። ቤዙስ? ከቤዙ በስተምዕራብ ምን አለ?

ቀያሽ_በመስክ · #21
...የውሃ ታንከር። ትልቅ። ቤዙ ሥሩ ነው የቆመው፣ ጥላ ስላለው ነበር እዚያ ያደረግኩት።

አሮጌ_ቴዎዶላይት · #22
ጥላው ለአንተ ነው ለአንቴናው?

ቀያሽ_በመስክ · #23
ጋሼ፣ ተውኝ እባክዎ። ነገ ማለዳ አነሳዋለሁ።

የሞገድ_ልጅ · #24
ስታነሳው 1005ን አትርሳ። አዲሱን ቦታ በደንብ ለክተህ ኮኦርዲኔቱን ካልቀየርክ ቤዙ አሁንም ታንከሩ ሥር እንዳለ ነው የሚያወራው። ሮቨሩ ፊክስ ይሰጥሃል፣ 35ቱም ይገባሉ፣ ነጥቦችህ ግን ሁሉም ቤዙን ያንቀሳቀስክበትን ያህል ይሸሻሉ። ከማንሳትህ በፊት የምታውቀውን አንድ ነጥብ በሮቨሩ ያዝ፣ ከተከልከው በኋላ ተመልሰህ ያንኑ ነጥብ ያዘው።